ለኮሌጅ ዲን በሚጻፍ ደብዳቤ ላይ ተገቢው አጠራር የትኛው ነው?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። በማኅበራችን ስም፣ ለጅማ ዩኒቨርሲቲ አንድ ኮሌጅ ዲን የአዳራሽ ትብብር መጠየቂያ ደብዳቤ እያዘጋጀሁ ነው። ዲኗ የዶክትሬት ዲግሪ ስላላቸው «ለክብርት ዶ/ር» ብዬ ልጀምር ወይስ ለጽሕፈት ቤቱ ልጻፍ? ከዚያ ቀጥሎ «ውድ» ማለትስ ያስፈልጋል?

መልስ 1፦
ጥያቄው የሚቀርበው ለመሥሪያ ቤቱ ስለሆነ፣ ኃላፊዋ ቢቀየሩም ጉዳዩ እንዳይስተጓጎል ለጽሕፈት ቤቱ ቢጻፍ ይሻላል። አቀማመጡ እንዲህ ነው፦

ለጅማ ዩኒቨርሲቲ
የ… ኮሌጅ ዲን ጽ/ቤት
ጅማ
ጉዳዩ፦ የአዳራሽ ትብብር ስለመጠየቅ

ከዚህ በኋላ በቀጥታ ወደ ፍሬ ነገሩ ይገባል፤ «ውድ» ለወዳጅ ደብዳቤ ነው የሚስማማው። መጨረሻው «ከሠላምታ ጋር» ይሁን።

መልስ 2፦
በመልሱ እስማማለሁ። ይሁን እንጂ ለዲኗ በግል የክብር እንግድነት ጥሪ የምታደርጉ ከሆነ፣ «ለክብርት ዶ/ር» ብላችሁ ከነአባታቸው ስም ጻፉ። «ዶ/ር ወ/ሮ» እያሉ ማዕረግ መደራረብ ግን አይገባም። «እርስዎ» ብሎ ጀምሮ መሐል ላይ «አንቺ» ማለትም ትልቅ ነውር ነውና ግሦቹን አንድ በአንድ ተመልከቱ።

መልስ 3፦
ግልባጭ ለከተማ አስተዳደሩ የምትልኩ ከሆነ፣ የሥራ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ ስለሆነ በዚያው ቋንቋ የተጻፈ ሸኚ ደብዳቤ አያይዙበት።