የልብ ወለዴ ሁለተኛ ቅጽ አልሄድ አለኝ፤ የቤተ መንግሥት ሴራና ፍቅር እንዴት ይጻፋል?

ጥያቄ፦ የአዘዞ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ለወጣቶች የሚሆን ምናባዊ ልብ ወለድ እየጻፍኩ ነው። የመጀመሪያውን ቅጽ በየሳምንቱ በቴሌግራም እየለቀቅኩ ጨርሻለሁ። አገሩ የፈጠራ ነው፤ ግንቡን፣ ልብሱንና ማዕረጉን ግን ከጎንደር ዘመን ነው የወሰድኩት። መክሊት የምትባል የ17 ዓመት ልጅ በምትሃተኛ ቀለበት ጠላቷን አሸንፋ ዘውድ ትጭናለች። ቅጹ እዚያ ላይ ያልቃል።

አሁን በቤተ መንግሥቱ ውስጥ ሴራ ይጎነጎንባታል። ናኦድ ከሚባል ልዑል ጋርም ፍቅር ይይዛታል። እሱ የንጉሥ ዘር በመሆኑ ብቻ አምባ ላይ ታስሮ ያደገ ነው። ችግሬ ሴረኞቼ ሁሉ ማታ ማታ የሚንሾካሾኩ ክፉዎች ሆነው ቀሩ። ፍቅሩም ከሴራው ጋር አልገናኝ አለኝ። የመጀመሪያውን ቅጽ ያላነበበ ሰውስ እንዴት ይግባው? እባካችሁ እርዱኝ።

መልስ፦ ጡረተኛ የታሪክ መምህር

ልጄ፣ ከጎንደር ግንቡን ወስደሽ ዘመዳሞቹን ትተሻቸዋል። የጎንደር ሴራ የዘመዳሞች ሴራ ነው።

እቴጌ ምንትዋብን ተመልከቻት። ባሏ አፄ በካፋ እ.ኤ.አ. በ1730 ሲሞቱ ልጇ ኢያሱ ገና ሕፃን ነበር። እሷም ዘውድ ጭና አብራው ገዛች፤ የቋራ ዘመዶቿን በትልልቅ ሥልጣን ላይ አስቀመጠች። ቀጥሎ በዕድሜ የሚያንሳትን የባሏን የእህት ልጅ ወደደች። ከእሱም ሴቶች ልጆች ወለደች። አገር ጉድ አለ፤ ንጉሡ ልጇም አልወደደላትም። ይኸው ፍቅርና ሥልጣን አንድ ቤት ውስጥ!

ከዚያ ልጇ እ.ኤ.አ. በ1755 ሲሞት የልጅ ልጇ ኢዮአስ ነገሠ። የኢዮአስ እናት ውቢት ከኦሮሞ ባላባት ወገን ናት። እሷም እንደ አማቷ ዘመዶቿን ወደ ቤተ መንግሥት አመጣች። ሁለቱ ሴቶች የየራሳቸውን ወገን ይዘው ተፋጠጡ። ጠቡን እንዲያበርድ ከትግራይ የተጠራው ራስ ሚካኤል ስሑል የምንትዋብን ልጅ አስቴርን አገባ። ንጉሡን ኢዮአስን ያስገደለውም እሱ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1769።

እዚህ ውስጥ ክፉ ለመሆን ብላ የተነሳች ሴት የለችም። ሁሉም ለልጁ፣ ለወገኑ የሚያስብ ነው። አንቺም ለእያንዳንዱ ሴረኛ የሚሳሳለት ሰው ስጪው። መክሊትን የምትጎዳት ከልቧ የምትወዳት አክስቷ ብትሆን እኔ አንባቢው እንቅልፍ አይወስደኝም።

ናኦድን በተመለከተ፣ በጎንደር ዘመን የንጉሥ ዘሮች ይታሰሩበት በነበረው ወህኒ አምባ ላይ የነበሩት ልዑላን ንጉሥ ሲሞት ለዙፋን የሚፈለጉ ሰዎች ነበሩ። ስለዚህ መክሊት እሱን ስትወድ ተቀናቃኟን ወደደች ማለት ነው። እያንዳንዱ ደብዳቤያቸው በሌላ ሰው እጅ ቢገባ የአመፅ ማስረጃ ይሆናል። ፍቅሩን ከሴራው የሚያገናኝልሽ ይህ ነው።

መልስ፦ ማታ አንባቢ

ቀለበቱን አንድ ነገር አድርጊው! ሁሉን የሚችል ቀለበት ካላት ማን ያሴርባታል? ለምሳሌ ጦር ይመልስ፣ ውሸት ግን አይለይ።

መልስ፦ አርታኢ ነኝ

ያለፈውን ታሪክ በመግቢያ አትተርኪው። ሰው ይዘለዋል። አዲስ ሰው ወደ ግቢው አስገቢ፤ ለምሳሌ ስለ መክሊት የተሳሳተ ወሬ ሰምታ የመጣች አዲስ ደንገጡር። እሷ ስትጠይቅ አዲሱ አንባቢ ይማራል። የቀድሞው አንባቢ ደግሞ ወሬው የት ላይ እንደተጣመመ ስለሚያውቅ አይሰለቸውም። የሦስት ምዕራፍ ያህል ነገር ግን በአንዴ አታስጠይቂያት። ለሚቀጥለው ትዕይንት የሚያስፈልገውን ብቻ ንገሪን።

የአዘዞ ልጅ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አክስቷን አሁኑኑ እጀምራታለሁ። አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ንግሥት ሁልጊዜ በደንገጡርና በዘበኛ የተከበበች ናት። ከናኦድ ጋር እንዴት ብቻቸውን ይገናኙ? በመስኮት ዘላ ወጣች ማለት አልፈልግም።

መልስ፦ ጡረተኛ የታሪክ መምህር

ሊቀ መኳስን ተጠቀሚበት። ይህ ባለማዕረግ በጦር ሜዳ እንደ ንጉሡ ለብሶ የጠላትን ዓይን የሚያታልል ሰው ነበር። ለመክሊትም ቁመቷ የሚመስል አብሮ አደግ ጓደኛ ስጫት። ጓደኛዋ ዘውዱን ጭና መጋረጃው ኋላ ትቀመጥ፤ መክሊት በጓደኛዋ ነጠላ ተሸፋፍና ትውጣ።

መልስ፦ ማታ አንባቢ

ወይኔ! እንግዲያው አክስትየው መርዙን የምትልከው በዚያች ሌሊት ይሁን። መክሊት ከናኦድ ጋር ሳለች ጓደኛዋ ጽዋውን ትጠጣለች። ሲነጋ አክስትየው የእህቷን ልጅ በሕይወት ስታያት ምን እንደሚሰማት አስቢው፤ ትደነግጣለች፣ ደግሞም ደስ ይላታል። መክሊት በበኩሏ የት እንደነበረች ሳትናገር ገዳዩን መክሰስ አትችልም። ከተናገረች ናኦድ ይሞታል።

የአዘዞ ልጅ

ይህን እጽፈዋለሁ! ጓደኛዋን ግን ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀምሬ ላስተዋውቃት፤ አንባቢ ሳይወዳት መሞት የለባትም።

መልስ፦ አርታኢ ነኝ

ትክክል ነሽ። አንድ የራሷ ጉዳይም ስጫት፤ እሷም የምትወደው ሰው ይኑራት። ያ ሰው ለሦስተኛው ቅጽ ይጠቅምሻል።