የፒኤችፒ ሥልጠና ዕቅድ፣ ሦስተኛ ረቂቅ

ጸሐፊ፦ ሐሳቡ ያው ነው፤ ድረ ገጽ የሚሠራበትን የፕሮግራም ቋንቋ ፒኤችፒን ማስተማር። 20 ጀማሪዎች፣ 8 ሳምንት፣ ወጪው ከማኅበሩ ካዝና። እንደ አምናው እንዳይጓተት በዚህ ሳምንት እንቋጨው።

የቦሌው፦ ፒኤችፒን ዛሬ ማን ይማራል? ልጆቹ የሚጠይቁት ጃቫስክሪፕትና ፓይተን ነው። የማኅበሩን ብር ቀብር ላይ አታውጡ።

ሒሳብ ያዥ፦ ድረ ገጽ መሥሪያው ዎርድፕሬስ በምን የተሠራ መሰለህ? ከዓለም ድረ ገጾች ከ40 በመቶ በላይ በእሱ ነው የሚሄዱት። ዊኪፒዲያም በፒኤችፒ ነው። እኔ የቤት ኪራይ የምከፍለው በዚሁ በሞተው ቋንቋ ነው።

የቦሌው፦ የምትጠግነው አሮጌውን የፒኤችፒ ስሪት፣ 5.6ን ነዋ! ድጋፉ እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ አብቅቷል።

ሒሳብ ያዥ፦ ስሪት 7 እ.ኤ.አ. በ2015 ወጥቶ ፍጥነቱ ሲለወጥ አንተ አልነበርክም። አሁን 8 ላይ ነን። ያላየኸውን አትቅበር።

ዲዛይነሯ፦ ባነሩን ልኬያለሁ። ሰማያዊው ዝሆን መሃል ላይ ነው።

የቀድሞው ሊቀመንበር፦ ዝሆን ለምን? ቀርፋፋ ነው የሚሉንን ልናጸድቅላቸው ነው?

ዲዛይነሯ፦ ጋሼ፣ የቋንቋው ምልክት እኮ ነው። እኔ አላመጣሁትም።

የቀድሞው ሊቀመንበር፦ በአንበሳ ይቀየር።

የጅማው፦ አንበሳ ከሆነ የከተማ አውቶቡስ ማስታወቂያ ነው የሚመስለው 😂

የቀድሞው ሊቀመንበር፦ አንተ ልጅ፣ መዋጮህን መቼ ነው የከፈልከው?

የቦሌው፦ ፒኤችፒን ባልወድም ዝሆኑ ይቆይ።

ሒሳብ ያዥ፦ ስለ ዝሆን ስንት መልእክት ተጻፈ! ስለ ትምህርቱ ማን አነሳ? የመጀመሪያው ቀን ይሄ ይሁን፦ «ሰላም»ን በፒኤችፒው የጽሑፍ ርዝመት መቁጠሪያ፣ በስትርሌን ቁጠሩ። 9 ይላል፤ የሚቆጥረው ፊደል ሳይሆን ባይት ነው፤ ፊደልን ወደ ባይት በሚቀይረው በዩቲኤፍ-8 አንዱ ፊደላችን 3 ባይት ነው። ረዘም ያለ ስም 20 ባይት ላይ ቁረጡ፦ 6 ፊደል ይተርፍና ሰባተኛው ቦታ ላይ የጥያቄ ምልክት ቁጭ ይላል። የስንቱን ደንበኛ ስም እንዲህ አበላሽተናል። ፒኤችፒ 6 ራሱ የዓለምን ፊደላት በአንድ በሚያቅፈው በዩኒኮድ ጣጣ ሳይወጣ ቀርቷል።

ጸሐፊ፦ ጥሩ። ላራቬል የሚባለውን የፒኤችፒ መሥሪያ ማዕቀፍ አስተምራለሁ ያለው ልጅ የታለ? መልእክቴን አንብቦ ዝም ብሏል።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ እኔም ማታ ማታ በኦንላይን አስተምራለሁ ብዬ ነበር። ሥራ ተደራርቦብኛል፣ አትቁጠሩኝ።

የጅማው፦ አስተማሪ ከሌለ ዝሆኑን ቲሸርት ላይ እናትመውና ሸጠን ካዝናውን እንሙላ።

የቀድሞው ሊቀመንበር፦ ይሄ ያስኬዳል። ከመዋጮው ጋር የተያያዘውን ረስቼልሃለሁ።

ሒሳብ ያዥ፦ ስለ ሥልጠና ነበር የምናወራው!

ጸሐፊ፦ አራተኛ ረቂቅ፦ ቲሸርት 30፣ ባነር 1። ሥልጠናው ከፋሲካ በኋላ ይታያል።

የቀድሞው ሊቀመንበር፦ ዝሆኑ ግን ከጀርባ ይሁን።