የስድስት ኪሎ አንበሶች አዲስ ደም ይግባላቸው ወይስ ለብቻቸው ይራቡ?

አስተባባሪው፦
ሰላም ቤተሰብ። የዛሬው ርዕስ የስድስት ኪሎው አንበሳ ነው። ለማያውቅ ባጭሩ፦ አንበሳ ግቢን አፄ ኃይለ ሥላሴ ያቋቋሙት በ1948 ነው (በዚህ ውይይት ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። የመጀመሪያዎቹ አንበሶች ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የተያዙ ሰባት እንደነበሩ ይነገራል፤ አምስት ወንድ፣ ሁለት ሴት። በ2012 የወጣ ጥናት የ15 አንበሶችን ዲኤንኤ መርምሮ፣ ለንጽጽር ከቀረቡት የዱር አንበሶች ሁሉ የተለዩ ናቸው አለ። ጥያቄው እንግዲህ፦ ዘራቸው ሳይነካ ለብቻቸው ይራቡ? ወይስ ከዱር አንበሳ ጋር ይዳቀሉ? ስድብ የጻፈ ይወጣል፤ ባለፈው አይታችኋል።

ጥቁር ጎፈር፦
አይዳቀሉም፣ አለቀ። ሌላ አገር የሌለ አንበሳ በእጃችሁ አለ ተብለናል። የወንዱ ጎፈር ጥቁር ነው፤ ከራሱ ተነስቶ ደረቱን አልብሶ ሆዱ ድረስ ይወርዳል። አንዴ የተቀላቀለ ደም ደግሞ ተመልሶ አይለይም። አሜሪካኖቹን ጠይቁ። መካነ አራዊቶቻቸው የእስያን አንበሳ እናራባለን ብለው ስንት ደከሙ። በ1987 ዘረመሉ ሲታይ፣ ከአምስቱ መነሻ አንበሶች ሁለቱ የአፍሪካ ደም ያለባቸው ሆነው ተገኙ። ያ ሁሉ ልፋት ገደል ገባ። እኛ ይህን እያወቅን በገዛ እጃችን እናድርገው?

የከብት ሐኪሟ፦
«የተለዩ» የሚለው ቃል ላይ ትንሽ እንቆይ። ሰባት አንበሳ ወስደህ ለብዙ ትውልድ ብትዘጋባቸው፣ ከየትም ይምጡ ከየት ከሌላው ይለያሉ። ትንሽ መንጋ ውስጥ አንዳንዱ ዘረመል በዕጣ ይጠፋል፣ አንዳንዱ በዕጣ ይበዛል። ስለዚህ ከዚህ ልዩነት የተወሰነው በእርግጥ የቆየ ዘር ሊሆን ይችላል። የተወሰነው ግን አጥሩ የፈጠረው ነው። አንተ ቅርስ የምትለው ከፊሉ ኪሳራ ነው ማለት ነው።

አሁን ሂሳቡ። አምስት ወንድና ሁለት ሴት ለቆጠራ ሰባት ናቸው፤ ለዘር ግን ሰባት አይሞሉም። እያንዳንዱ ደቦል ከእናት ይወለዳል፣ እናቶቹ ደግሞ ሁለት ብቻ። ቀመሩ ቀላል ነው፦ ወንዱን በሴቱ፣ ከዚያ በአራት ታባዛለህ፤ ለጠቅላላው ቁጥር ታካፍላለህ። 5.7 ይመጣል፤ ለዘር የሚቆጠሩት ያን ያህል ብቻ ናቸው ማለት ነው። በዚህ መጠን የሚራባ መንጋ በአንድ ትውልድ ካለው የዘረመል ብዝኃነት 9 በመቶ ገደማ ያጣል። በኋላ ቁጥሩ ቢያድግም የጠፋው አይመለስም። የሚወልዱት ሁልጊዜ እነዚያው ጥቂቶች ከሆኑ ደግሞ ማጣቱ ይቀጥላል።

ጥቁር ጎፈር፦
ዶክተር፣ ከሂሳቡ ጋር ጠብ የለኝም። ግን ይኸው ሲወልዱ ኖሩ አይደል? ዘሩ የተበላሸ ቢሆን ኖሮ እስካሁን መች ይቆዩ ነበር?

የከብት ሐኪሟ፦
መውለድ ለጊዜው ብዙ ነገር ይሸፍናል። የታንዛኒያው ንጎሮንጎሮ ጥሩ ትምህርት ነው፤ እሱም አንበሳ ስለሆነ። በ1962 ተናካሽ ዝንብ ወረራቸውና አንበሶቹ ወደ አሥር ገደማ ወረዱ። ከዚያ በኋላ የተወለዱት ሁሉ፣ ከውጭ የገቡ ጥቂት ወንዶች ተጨምረው፣ የ15 አንበሶች ዘር ናቸው። ቁጥራቸው አገገመ፤ ለቱሪስት ዓይን ምንም የጎደላቸው አይመስሉም ነበር። የወንዶቹ የዘር ፈሳሽ ሲመረመር ግን፣ አጠገባቸው ካሉት ከሴሬንጌቲ አንበሶች ይልቅ ቅርጹ የተበላሸው ስፐርም እጅግ የበዛ ሆኖ ተገኘ። እነዚያ እንግዲህ በዱር ያሉ፣ ከውጭ ወንድ ሊመጣላቸው የሚችል ናቸው። የኛዎቹ በር ተዘግቶባቸዋል።

ጋሼ ከጉለሌ፦
ልጆች፣ እኔ የሳይንስ ሰው አይደለሁም። ግን ልጁን ለመዳር ሰባት ቤት የሚቆጥር ሕዝብ፣ ለአንበሳው ሲሆን የእህትና የወንድም ጋብቻ «ንጹሕ ዘር» ነው ብሎ ሲሟገት ሳይ ሳቄ መጣ። ቀጥሉ፣ እያነበብኩ ነው።

ጥቁር ጎፈር፦
ሃሃሃ፣ ጋሼ ጎሸም አደረጉኝ። ክብርዎ እንዳለ ሆኖ፣ አንበሳ ሰባት ቤት አይቆጥርም።

ባዮሎጂ 3ኛ ዓመት፦
ስለ ጎፈሩ ልበል? በ2002 የታተመ የሴሬንጌቲ ጥናት፣ ጎፈር የሚጠቁረው ከወንድነት ሆርሞንና ከምግብ ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል። የአየሩም ነገር አለ፤ ቀዝቀዝ ባለ ቦታና ወቅት ይጠቁራል። ስድስት ኪሎ ከባሕር ጠለል ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። ስለዚህ ያ ጎፈር ዘር ብቻ ላይሆን ይችላል፣ የአዲስ አበባ ብርድም እጁ ይኖርበታል። በጎፈር ብቻ ዘር መለየት ያስቸግራል።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
እኔ ካለሁበት አገር ሌላ ምሳሌ ላምጣ፣ ያ የ1987ቱ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ፍሎሪዳ ውስጥ ፓንተር የሚሉት የፑማ (የአሜሪካ ትልቅ የዱር ድመት) ዘር አለ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከ20 እስከ 30 ብቻ ቀርተው ነበር። ጅራታቸው የተቆለመመ፣ ቆለጣቸው ያልወረደ፣ ልባቸው ላይ ቀዳዳ ያለባቸው በዙ። እዚያም «ከሌላ ካዳቀልነው ፓንተር መሆኑ ቀረ» ያሉ ነበሩ። በ1995 ከቴክሳስ ስምንት ሴት ፑማዎች አምጥተው ለቀቁ። አምስቱ ወለዱ። ጉድለቶቹ ቀነሱ፣ ቁጥሩም ከመቶ በላይ ወጣ። ፍሎሪዳ ያየው ሰው ዛሬም ፓንተር ነው የሚለው።

ልብ በሉ፣ የመረጡት ቴክሳስን ነው። ድሮ በመካከላቸው ያለው መሬት ሳይቆረጥ በፊት ሁለቱ እየተገናኙ ይዋለዱ ነበር። ከአምስቱ አንበሶች ታሪክ የሚለየው ይህ ነው፤ አንዱ ሳያውቁት የሆነ ነው፣ ሌላው ታስቦበት ከጎረቤት የመጣ ደም ነው።

መተማ መንገድ፦
ሁላችሁም ስለ አጥር ውስጥ ታወራላችሁ። በ2016 አልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ ሱዳን ድንበር ላይ፣ አንበሳ በካሜራ ተቀርጿል። አንበሳ በዱር አለን! ለግቢው ሥጋ የሚወጣው ገንዘብ ለእነሱ ጠባቂ ደመወዝ ቢውል አይሻልም? የታሰረው አንበሳ ተመልሶ ዱር አይገባ። የማንለቀውን ለምን እናራባለን?

የከብት ሐኪሟ፦
ዱሩ ይቅደም በሚለው እስማማለሁ። የሁለቱ በጀት ግን ከአንድ ኪስ አይወጣም። ደግሞ የደቡብ ምዕራቡ ደን ከነአንበሶቹ ካለቀ፣ ከዚያ የተረፈው ዘር ያለው እዚህ ብቻ ሊሆን ይችላል።

አስተባባሪው፦
ማንም ስላላነሳው እኔው ላንሳው። በ2006 በአንበሳ ግቢ ቦታና ገንዘብ ጠቦ ደቦሎች ተመርዘው እንደሚገደሉና ሬሳቸው እንደሚሸጥ ዓለም ዘግቦታል። ጭካኔው ለብቻው ሌላ ርዕስ ነው። ለዛሬው ጉዳይ ግን ትልቅ ነገር ነው። የማን ልጅ እንደሆነ ተመዝግቦ ካልተወሰነ፣ ከሁለቱ እናቶች የአንደኛዋን የመጨረሻ ዘር ገድለህ የሌላዋን አሥረኛ ልትተው ትችላለህ። የማይፈለግ ደቦል ከተወለደ በኋላ ሳይሆን ከመፀነሱ በፊት ነው የሚከለከለው። ወንዱን ከሴቷ መለየት፣ የወሊድ መቆጣጠሪያ፣ አለቀ።

ጥቁር ጎፈር፦
መዝገቡ ላይ ከሁላችሁም ጋር ነኝ። ማዳቀሉ ግን… እሺ፣ ከደቡብ ምዕራብ ከሆነ አስብበታለሁ። መነሻቸው እዚያ ነው። ከአልጣሽ ከሆነ ግን ፈጽሞ!

ባዮሎጂ 3ኛ ዓመት፦
እሱ ላይ ነጥብ አለህ። ከ2017 ጀምሮ አንበሳ በሁለት ንዑስ ዝርያ ነው የሚከፈለው፤ የሰሜን፣ የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ከእስያው ጋር አንድ ላይ፣ የምሥራቅና የደቡብ አፍሪካው ለብቻው። ኢትዮጵያ ሁለቱ የሚገናኙበት ናት። አልጣሽና ኦሞ አንድ ላይሆኑ ይችላሉ።

ጋሼ ከጉለሌ፦
ተስማማችሁ እንበል። ሴቷን አንበሳ ከኦሞ ማን ነው የሚይዛት? ነፃ የኖረችን እንስሳ ለወንድ ብሎ ማሰር ነው?

የከብት ሐኪሟ፦
ጋሼ፣ እሷን መያዝ ላያስፈልግ ይችላል። በ2018 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሁለት የአንበሳ ደቦሎች በሰው ሠራሽ ማዳቀል ተወልደዋል። የዱር ወንድ አደንዝዞ የዘር ፈሳሽ መውሰድና እንስሳውን እዚያው መልቀቅ ይቻላል። እንደ ላም ማዳቀል ቀላል እንዳይመስልዎ፤ አንበሳ ላይ ገና ጀማሪ ሥራ ነው። ከዚያ በፊት ግን የዱሮቹ ናሙና ይሰብሰብ። ለዚህ መያዝም አያስፈልግም፤ ዓይነ ምድርና ፀጉር ይበቃል። የጋምቤላ፣ የኦሞና የአልጣሽ አንበሶች ከኛዎቹ ጎን ይታዩ፣ ማን እንደሚቀርባቸው ያኔ ይለያል።

ጥቁር ጎፈር፦
አልጣሽ የሚቀርባቸው ሆኖ ቢገኝስ?

የከብት ሐኪሟ፦
አንተ ንገረኝ እንጂ። ደሙን ነው የምትጠብቀው ወይስ ካርታውን?

ጥቁር ጎፈር፦
ውጤቱ ይምጣና እንከራከራለን።