ዳሽቦርዱ ላይ የማየው ቁጥር ጠቅላላ ኪሎ ሜትር ነው ወይስ ሌላ?

አዲስ ገዢ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ልገዛው ያሰብኩት ያገለገለ መኪና ዳሽቦርዱ ላይ 412.6 ይላል። ከፍጥነት መለኪያው አጠገብ ያለችውን ትንሽ በተን ስጫናት ደግሞ 1087.3 ይመጣል። መኪናው ከተሠራ 10 ዓመት አልፎታል፤ ይህን ብቻ ተነድቶ ሊሆን አይችልም። ጠቅላላው ኪሎ ሜትር የት ነው የሚታየው? ካገኘሁት በኋላስ እውነተኛ መሆኑን በምን አውቃለሁ? ተራ የኦቢዲ መመርመሪያ (ከመኪናው ሶኬት ጋር ተያይዞ የሞተሩን ኮምፒውተር የሚያነብ መሣሪያ) አለኝ።

የመኪና ኤሌክትሪክ፦
ያየሃቸው ሁለቱም የጉዞ መለኪያዎች ናቸው፤ ትሪፕ ኤ እና ትሪፕ ቢ፣ ዜሮ ከተደረጉ ወዲህ የተነዳውን ብቻ የሚቆጥሩ። የሚያስታውቀው ነጥቡ ነው። ትሪፕ አብዛኛውን ጊዜ የኪሎ ሜትር አንድ አሥረኛ ድረስ ይቆጥራል፤ ጠቅላላው፣ ማለትም ኦዶ የሚለው፣ በዲጂታል ቆጣሪ ላይ ነጥብ የለውም። በተኗን ሦስተኛ ጊዜ ነካ አድርጋት፣ ይመጣል።

ሞተሩን ማስነሳት አያስፈልግም። የማስጠንቀቂያ መብራቶቹ በሙሉ እስኪበሩ ቁልፉን አዙር። ያለ ቁልፍ የሚነሳ ከሆነ እግርህን ከፍሬኑ ላይ አንስተህ ማስነሻውን ሁለት ጊዜ ተጫን፤ አንድ ጊዜ ብቻ ከተጫንክ ብዙ መኪኖች ላይ ከሬዲዮው በቀር የሚበራ የለም። በተኗን አጭር ንካት እንጂ ይዘህ አትቆይ፤ ከያዝካት ትሪፑ ዜሮ ይገባል። ኦዶው ግን በዚህ በተን አይነካም፣ አትስጋ። አዳዲሶቹ ላይ በተኗ የለችም፤ መሪው ላይ ባሉት ቀስቶች የጉዞ መረጃ ወደሚለው ገጽ መግባት ነው። አንዳንዶቹ ደግሞ ቁልፉ ጠፍቶ የሾፌሩ በር ሲከፈት ለጥቂት ሰከንድ አሳይተው ያጠፋሉ።

ማርሽ፦
ቁጥሩ ሲመጣ መጀመሪያ መለኪያውን ተመልከቱ፤ ኪሎ ሜትር ነው ማይል? አንድ ማይል 1.609 ኪሎ ሜትር ነው። 120,000 የሚለው ማይል ከሆነ መኪናው 193,000 ኪሎ ሜትር ግድም ሄዷል ማለት ነው። ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው፣ ማንም ሳይዋሸው።

በጥርስ የሚዞሩ አሮጌ ቆጣሪዎች ላይ ደግሞ አሃዞቹን ቁጠሩ። አምስት አሃዝ ብቻ ያለው 99,999 ሲደርስ ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ ስለዚህ 43,210 የሚለው 143,210 ሊሆን ይችላል። በስተቀኝ ጫፍ ቀለሟ የተለየችው አሃዝ አሥረኛዋ ናት፣ ከቁጥሩ ጋር እንዳትደመር። የዲጂታልም ወሰን አለው፦ ለሰሜን አሜሪካ ገበያ የተሠሩ፣ እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2008 ሞዴል የሆኑ አንዳንድ የቶዮታ ኮሮላዎች 299,999 ላይ ይቆማሉ፣ ከዚያ በኋላ ቢነዱም አይቆጥሩም።

የኮምፒውተር ምርመራ፦
ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልምጣ፤ ከባዱ እሱ ነውና። ተራ የኦቢዲ መሣሪያ አሮጌ መኪና ላይ ኦዶውን አያነብም፤ ለኦዶ የተመደበው መደበኛ ንባብ የሚገኘው በቅርብ ዓመታት ሞዴሎች ላይ ነው። ነገር ግን አንድ ጠቃሚ ንባብ አለው፦ የብልሽት ኮዶች ከተሰረዙ ወዲህ የተነዳው ርቀት። ሁለቱም በኪሎ ሜትር ሆነው ይህ ከኦዶው ከበለጠ ኦዶው ተነክቷል፣ ወይም ዳሽቦርዱ ወይም የሞተሩ ኮምፒውተር ተቀይሯል። ኦዶው 30,000 እያለ ይህኛው 38,000 ካለ የኦዶው ቁጥር አይታመንም። ካነሰ ግን ምንም አያረጋግጥም፤ ኮድ ማጥፋት የደቂቃ ሥራ ነው፣ አንዳንድ መኪና ላይ ባትሪ መንቀልም ይበቃል። ጣሪያው 65,535 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ብዙ ለተነዳ መኪና ብዙም አይረዳም።

ጠለቅ ያለ መሣሪያ ያለው ጋራዥ ከተገኘ ከሞተሩ፣ ከካምቢዮው እና ከኤቢኤሱ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው) ኮምፒውተር ይነበብ። በብዙ መኪኖች ኪሎ ሜትሩ ከዳሽቦርዱ ሌላ እነዚህ ላይም ይጻፋል፤ የሚቀንሱት ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚነኩት ዳሽቦርዱን ብቻ ነው። የሞተር ሰዓት የሚያሳይ ከሆነ ደግሞ ኪሎ ሜትሩን ለሰዓቱ አካፍሉት። 60,000 ለ5,000 ሰዓት ቢካፈል በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ነው፤ ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ የሚውል መኪና ካልሆነ በቀር አያሳምንም።

አዲስ ገዢ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ሦስተኛ ጊዜ ስጫን ግን ቁጥር ሳይሆን ስድስት ሰረዝ ነው የመጣው። የፍጥነት መለኪያው ይሠራል።

የመኪና ኤሌክትሪክ፦
ይህማ መቆም ያለበት ነገር ነው። ሰረዝ ማለት ቆጣሪው የሚያሳየውን ቁጥር አላገኘም ወይም አላመነበትም። ከሌላ መኪና የተነቀለ ዳሽቦርድ ሲገጠምና ከመኪናው ኮምፒውተር ጋር ሳይስማማ ሲቀር፣ ኪሎ ሜትር የሚይዘው የማስታወሻ ቺፕ ሲበላሽ (ቁጥር ለመቀነስ ሲነካካም ይበላሻል)፣ ወይም የመረጃ መስመሩ ሲቋረጥ ይመጣል። መስመሩ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የፍጥነት መለኪያው ወይም ሌላ መብራትም አብሮ ይታወካል፤ ያንተ ስለሚሠራ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን እጠረጥራለሁ። የቁጥሩ ከፊል መስመሮች ብቻ ጠፍተው ቢሆን ግን ነገሩ ቀላል ነው፤ የስክሪኑ ኬብል ወይም ብየዳው ለቆ ነው።

ሻጩን ዳሽቦርዱ ተቀይሮ እንደሆነ፣ ሲቀየር የአሮጌው ንባብ የተጻፈበት ደረሰኝ እንዳለ ጠይቅ። ከሌለ ዋጋውን ኪሎ ሜትሩ እንደማይታወቅ መኪና ተደራደር።

ማርሽ፦
ቁጥሩ ከተስተካከለ በኋላ መቁጠሩንም ፈትኑ፦ ንባቡን ጽፋችሁ፣ ትሪፑን ዜሮ አድርጋችሁ፣ በስልክ ጂፒኤስ 10 ኪሎ ሜትር ንዱ። ኦዶው 10 መጨመር አለበት። ትሪፑ ከ9.7 ግድም ካልዘለለ ጎማው ከፋብሪካው መጠን ይተልቅ እንደሆነ እዩ፤ ዙሪያው 3 በመቶ የሚበልጥ ጎማ ያንኑ ያህል አሳንሶ ያስቆጥራል። እግረ መንገዳችሁን የፍሬን ፔዳሉን ጎማ፣ የመሪውን ቆዳና የሾፌሩን መቀመጫ የበር በኩል ጠርዝ ተመልከቱ፤ መበላታቸው ከኪሎ ሜትሩ ጋር ይመጣጠናል ወይ? ጎማዎቹ ጎን ላይ ያለው ባለ አራት አሃዝ ቁጥር የተሠሩበት ሳምንትና ዓመት ነው፤ 2319 ማለት የ2019 እ.ኤ.አ. 23ኛ ሳምንት። 25,000 ኪሎ ሜትር ብቻ ሄዷል የተባለ መኪና አራቱም ጎማው ከራሱ ዕድሜ በብዙ ዓመት ካነሰ፣ የመጀመሪያዎቹ ለምን እንደተጣሉ ይጠየቅ።