የበዓሉ መድረክ ገንዘብ ለማን ይሁን? የጎንደር ሙዚቀኛ በስቱዲዮና በመንገድ መሀል

አወያይ፦ እንደምን ሰነበታችሁ። ባለፈው ተነስቶ ያላለቀውን ጉዳይ ዛሬ ለብቻው እናውጣው። በጥምቀትም ሆነ በሌላ ትልቅ በዓል ከተማችን መድረክ ሲቆም ከአዲስ አበባ ስመ ጥር ድምፃዊ ይመጣል። የኛ ልጆች ቀን ፀሐይ ላይ ማይክ እየፈተኑ ሕዝቡን ያሟሙቃሉ፤ ሲመሽ እንግዳው ይወጣል። ጥያቄው ይኼ ነው፦ ለመድረክ ከሚወጣው ገንዘብ ተቀንሶ፣ እዚሁ በግላቸው ለሚሠሩ ሙዚቀኞች ለስቱዲዮና ለጉዞ ይዋል ወይስ አይዋል? በግሉ የሚሠራ ስል ፕሮዲውሰር የሌለው ማለቴ ነው። ግጥሙን ራሱ የሚገዛ፣ ለቅንብር ራሱ የሚከፍል፣ ክሊፑን አሠርቶ ራሱ የሚለቅ። ስድብ የለም። የሰውም የድርጅትም ስም እየጠራን አንወቅስም።

ባለማሲንቆው፦ ይዋል! የኛን ዓመት ልንገራችሁ። ጥር ላይ ሰርግ አለ። ከፋሲካ በኋላ እንደገና ሰርግ አለ። ሁዳዴ ሲገባ 55 ቀን ጭጭ ነው። ክረምት ደግሞ ዝናብና ጭቃ ነው፣ ፍልሰታም አለበት፤ ማን ይሰርጋል? እና በጥር ያገኘኋትን ይዤ በሁዳዴ ስቱዲዮ እገባለሁ። የመቅረጫ ወራችን ሁዳዴ ነው፤ ውጭ ያለ ሰው ይኼን አያውቀውም። ግን ያቺ ገንዘብ የቤት ኪራይም ናት፣ የልጅ ደብተርም ናት። ቅንብር ከከፈልኩ በኋላ ሚክስ አለ፣ ማስተር አለ። ክሊፑን ገና አልጠራሁም። ዘፈኑ ሲወጣ ሰው ሁሉ «በርታ» ይላል። በ«በርታ» ጤፍ አይሸመትም።

ግብር ከፋይ፦ ካላዋጣህ ለምን ትቀርጻለህ ወንድሜ? ሰርግህን ሥራ። እኔ ሱቅ ስከፍት መደርደሪያ የገዛልኝ የለም። በዓል ላይ ሕዝቡ የሚወጣው ታዋቂውን ሊያይ ነው። ሆቴሉም የሚሞላው በእሱ ነው።

ባለማሲንቆው፦ ለምን ትቀርጻለህ ላልከው፣ ካልቀረጽኩ ሰርግም አላገኝም። ድሮ ባለ ሰርግ አዝማሪ የሚፈልገው ሰው ጠይቆ፣ ቤቱ ድረስ ሄዶ ነበር። አሁን ስልክ ይደውልና «እስኪ ሊንክ ላክልኝ» ነው የሚለው። ሊንክ ከሌለህ የለህም። የዘፈኑ ገቢ ዜሮ ቢሆንም የሰርጉን በር የሚከፍተው እሱ ነው። ሆቴል የሚሞላው በዘፋኝ ነው ላልከው ደግሞ፣ ጥምቀት ላይ እንግዳ የሚመጣው ለታቦቱና ለፋሲል መዋኛ ነው። ዩኔስኮ በ2012 ዓ.ም የመዘገበው በዓሉን እንጂ ኮንሰርቱን አይደለም። ዘፋኝ ባይመጣም አልጋ አታገኝም።

ምሽት ቤት (ባለቤቱ)፦ አልጋውስ እውነቱን ነው።

አቀናባሪው፦ እኔ ስቱዲዮ ስላለኝ ይዋል እላለሁ ብላችሁ ጠብቃችሁ ይሆናል። አልልም። ስቱዲዮ ስንል ምን መስሏችኋል? ፒያሳ አካባቢ ያለች አንድ ክፍል ናት። ላፕቶፕ፣ ሳውንድ ካርድ፣ አንድ ደህና ማይክ፣ በሩ ላይ የቆመ ፍራሽ። ቀን ባጃጁ አያስቀዳም። ማታ ነው ድምፅ የምንቀዳው፤ እሱም መብራት ካለ። በሐምሌ 2016 የብሩ ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ዕቃ መተካት ከባድ ሆኗል፣ እውነት ነው። ቢሆንም የጎደለን ክፍል አይደለም። የሕዝብ ስቱዲዮ ይከፈት ብትሉ በሁለተኛው ወር ቁልፉን የያዘው ሰው ስብሰባ ላይ ነው። ከዚያ ማይኩ ለስብሰባው ይወሰዳል።

የጎደለን ጊዜ ነው። አንድ ምሳሌ ልስጥ። ባለማሲንቆ መጥቶ አንቺሆዬ የሚባለውን ቅኝት ይመታል። የጭራው ክር እንደ አየሩ ይላላል፣ ይከራል፤ ከኪቦርዱ ጋር ለማስማማት ደጋግመህ መቃኘት አለብህ። ከተቃኘም በኋላ የአዝማሪው ድምፅ የሚያርፍበት ቦታና የኪቦርዱ ቁልፍ በትክክል አይገጥሙም። በወጉ ልሥራው ካልክ ቅንብሩን በሱ ልክ ትሠራለህ፤ ያ ቀናት ይፈጃል። ልጁ ግን የከፈለው ለአንድ ማታ ነው። ታዲያ ምን ይደረጋል? ድምፅን በኮምፒውተር የሚያስተካክለው ኦቶ ቱን ይለቀቅበታል። ኦቶ ቱን ደግሞ ያንን የሚያስለቅሰውን ቦታ ጎትቶ ኪቦርዱ ላይ ያስቀምጠዋል። ከዚያ ሰው «ዘንድሮ ዘፈን ሁሉ አንድ ሆነ» ይላል። አንድ ያደረገው ድህነት ነው። ስለዚህ ስቱዲዮ አትሥሩልን፤ መድረክ ላይ ለሠራው ልጅ በወጉ ክፈሉት። ጊዜውን ራሱ ይገዛል።

የአዘዞዋ፦ አቀናባሪ፣ ተናግረሃል። ግን አንተ ክፍልህ ውስጥ ነህ። እኔ መንገድ ላይ ነኝ።

በክልላችን ግጭቱ ሳይነሳ፣ ከነሐሴ 2015 በፊት፣ ባሕር ዳር ሥራ ሲገኝ ከባንዱ ጋር ሚኒባስ ተከራይተን እንሄድ ነበር። 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ጠዋት ወጥቶ፣ ወረታ ቁርስ ቀምሶ፣ ከሰዓት ሳውንድ ቼክ መድረስ ነው። ደብረ ታቦር ቢሆን፣ ደባርቅ ቢሆን ያው ነው። አሁን መንገዱ ዛሬ ይከፈት ነገ ይዘጋ አይታወቅም። ቀጠሮ የያዘ ሰው በአውሮፕላን ነው የሚሄደው፤ የባንዱን ትኬት ማን ይችላል? ስለዚህ ድምፃዊቷ ብቻዋን በፍላሽ ትሄዳለች። ፕሌይባክ ይከፈታል፣ ከላዩ ትዘፍናለች። ሕዝቡ ይጨፍራል፣ አዘጋጁም ርካሽ ሆነለት። ክራሩ፣ ዋሽንቱ፣ ከበሮው ግን ጎንደር ቁጭ ብለዋል። የመንገዱ ነገር የጎዳው ድምፃዊውን ብቻ መስሏችሁ ከሆነ አይደለም፤ ባንድ የሚባለውን ነገር እየገደለ ነው። ሞባይል ዳታ ተዘግቶ በነበረባቸው ወራትማ ሁለቱም በር ተዘጋብን። መሄድም የለም፣ መልቀቅም የለም።

እና ድጋፍ ካለ ለጉዞ ይሁን። ለአምስት ሰው ትኬት። ሴት ስለሆንኩ ደግሞ አንድ ልጨምር፦ የምታድርበት አልጋ ከመነሳቷ በፊት ተይዞ ይከፈልላት። ሌሊት ሥራ ጨርሳ አልጋ ፍለጋ ለምትዞር ልጅ የሚጠብቃትን ነገር እዚህ አልዘረዝርም።

ግብር ከፋይ፦ እህቴ ስለ አልጋው ሙሉ በሙሉ ካንቺ ጋር ነኝ። ያ ግን የአዘጋጁ ግዴታ ነው፣ የኔ አይደለም።

ጋሽ ኪነት፦ ልጆቼ፣ ሽማግሌ ትንሽ ይናገር። እናንተ አሁን የምትሉትን፣ መንግሥት ከፍሎት የሚቀርጽና የሚዞር ሙዚቀኛ፣ ይህች ከተማ በደርግ ጊዜ አይታዋለች። ጎንደር ፋሲለደስ፣ ጎጃም ጊሽ ዓባይ፣ ወሎ ላሊበላ የሚባሉ የኪነት ቡድኖች ነበሯቸው። ደመወዝ ነበር። የትራንስፖርት ነገር አያስጨንቅህም፤ ጫን ሲሉህ ትጫናለህ። ብዙ ጥሩ ሙዚቀኛም ወጥቷል፣ አልክድም። ግን የት እንደምትሄድ የምትመርጠው አንተ አይደለህም። ግጥሙንም የሚያነብልህ ሌላ ሰው ነው። ጦር ግንባር ሂድ ከተባልክ ጦር ግንባር ነው። የተቀረጸው ቴፕ ሬዲዮ ጣቢያ ይቀራል፤ በዓመት በዓል ሲለቀቅ አንተም እንደ ሰው ቤትህ ሆነህ ትሰማለህ።

ከዚያም በፊት ቢሆን ሸክላ የማሳተም መብት የሀገር ፍቅር ብቻ ነበር። አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት በ1961 ዓ.ም ያንን ጥሶ በግሉ ማሳተም ጀመረ። ዛሬ ዓለም የሚያደንቀው የዚያ ዘመን ሙዚቃ ጥቂት የማይባለው በእሱ እጅ የታተመ ነው። ፈቃድ ጠብቆ ቢሆን ኖሮ አናገኘውም ነበር። እኔ ገንዘቡን አትቀበሉ አልልም። ስትቀበሉ ግጥማችሁን ማን እንደሚያይ አስቀድማችሁ ጠይቁ ነው የምለው።

ባለማሲንቆው፦ ጋሼ እድሜ ይስጥዎት። እኛ አዝማሪዎች እኮ ዳኛችን ሕዝቡ ነው። አዝማሪ ቤት ሰው «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይወረውራል፣ እኛ እንቀበላለን። ያ ነገር በበጀት አይሠራም፣ እሱስ ልክ ነዎት።

ከዋሽንግተን፦ እኔ ፒያሳ ያደግኩ ነኝ፣ አሁን እዚህ ዝግጅት አስተባብራለሁ። በግልጽ ልናገር። ከተማውን አትጠብቁ። እዚህ አሜሪካ በየዓመቱ በሰኔ መጨረሻ ገደማ የኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ ፌዴሬሽን ውድድር አለ። ድምፃዊ የአሜሪካ ጉዞውን በዚያ ሳምንት ዙሪያ ነው የሚያቅደው። እስራኤልም ቢሆን የጎንደር ሰው ሞልቷል፤ ማሲንቆ የሌለበት ሰርግ አይጥመውም። አንድ ጥሩ ዙር የሁለት ዓመት ስቱዲዮ ይከፍላል።

የአዘዞዋ፦ ቪዛውን ትጨርስልኛለህ?

ከዋሽንግተን፦ እሱማ…

የአዘዞዋ፦ በቃ። ኤምባሲ የሚጠይቅሽ የባንክ ደብተር፣ ውል፣ ከዚህ በፊት የሄድሽበት አገር ነው። በሰርግ የምትኖር ልጅ የትኛውን ታቀርባለች? ገንዘቧ በእጅ ነው የምትገባው፤ እሷም ግንባሯ ላይ የተለጠፈች ሽልማት ናት። የመጀመሪያውን ዙር የሚሄድ ያው ታዋቂው ነው። ወደዚያው ተመለስን።

የሕግ ተማሪ (ማራኪ)፦ አንድ የተረሳ ነገር አለ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከዋኝን፣ ማለትም ዘፋኙንና ተጫዋቹን፣ በስም ጠቅሶ ይጠብቃል። አዝማሪ በሰርግ ላይ ሲዘፍን ያንን ለመቅረጽም ለማሰራጨትም ፈቃዱ ያስፈልጋል፤ ጥበቃው 50 ዓመት ነው። በ2007 የወጣው ማሻሻያ፣ ቁጥር 872፣ ደግሞ ባለመብቶች በጋራ ማኅበር በኩል ሮያሊቲ የሚሰበስቡበትን መንገድ አስገብቷል። ሙዚቃውን ለንግድ የሚጠቀምበት ይክፈል ነው ነገሩ። ስለዚህ ለምን የበዓል በጀት ላይ እንጣላለን? ገንዘቡ ሙዚቃ በሚከፈትበት ቤት ሁሉ አለ።

ባለማሲንቆው፦ አይ ወንድሜ፣ ሕጉን ወደድኩት። አንድ ሰርግ ላይ የዘፈንኩትን ቪዲዮ አንሺው በራሱ ቻናል ለቀቀው። ተበድሬ ካሠራሁት ክሊፕ በላይ ታየ። ዳሱ፣ ጄኔሬተሩ፣ እኔ ላቤን በክንዴ ስጠርግ ሁሉ አለበት። «ስንት አገኘህበት?» ስለው «አንተን አስተዋወቅኩህ እኮ» አለኝ። ክሰሰው እንዳትለኝ፤ በሚቀጥለው ሰርግ ለባለ ሰርጉ የሚጠቁመኝም እሱ ነው።

ምሽት ቤት፦ ቆይ ቆይ፣ ሙዚቃ የሚከፈትበት ቤት ስትሉ እኔን ነው? ሰዓት እላፊ ሲታወጅ በጊዜ ዘግቼ፣ ሠራተኛ ሳላባርር፣ አዝማሪ ሳላጎድል የከረምኩ ሰው ነኝ። አዝማሪው ከኔ ያገኛል፣ ከእንግዳው ሽልማት ያገኛል። እንግዳው ደግሞ አሁን ከመሸለም ይልቅ ስልኩን አውጥቶ ቀርጾ ይሄዳል። መጀመሪያ እሱን አስከፍሉ!

የሕግ ተማሪ (ማራኪ)፦ ጋሼ በቀጥታ ለሚዘፍነው እየከፈሉ ነው፣ እሱ ላይ ጥያቄ የለም። ጥያቄው ቀን ቀን በስፒከር ለሚከፍቱት ነው።

ምሽት ቤት፦ ቀን ቀን ሬዲዮ ነው የምከፍተው።

አቀናባሪው፦ ሬዲዮውም ይክፈል እንግዲህ 😄 ከልቤ ግን፣ ሮያሊቲው ቢሰበሰብም በስም የተመዘገበ ሥራ ላለው ነው የሚደርሰው። የባሕል ዜማ ይዞ፣ ግጥሙን እዚያው እየፈጠረ ለሚዘፍን አዝማሪ ምኑ ይመዘገባል? ዜማው የአያቶቹ ነው። ግጥሙ ሌሊቱን አብሮ ያልቃል። ስለዚህ እሱን የሚያዋጣው የቀጥታ ክፍያው ነው። እዚያው ነኝ።

አወያይ፦ እየሰፋ ነው። ወደ ጥያቄው እንመለስ። ለመጪው ጥምቀት መድረክ አንድ ነገር ጠይቁ ብትባሉ ምን ትጠይቃላችሁ?

ባለማሲንቆው፦ ውል። የተጻፈ ውል። ግማሹ ቀብድ፣ ግማሹ ከመድረክ እንደወረድኩ። «ከበዓሉ በኋላ ና» የሚባል ነገር ይቅር። ከበዓሉ በኋላ ያለው ፊርማ ሁዳዴ ድረስ ያመላልሳል።

የአዘዞዋ፦ ባንዱ አብሮ ይጠራ፣ ፍላሽ አይፈቀድ። ከእንግዳው በፊትም አይሁን። አንድ ማታ ሙሉውን ለጎንደር ልጆች ይስጡ፤ ሕዝቡ ይመጣ አይመጣ እንደሆነ ያኔ እናያለን።

ጋሽ ኪነት፦ አይመጣም የሚለውን ብሞት አላምንም። ይመጣል።

ከዋሽንግተን፦ ያንን ማታ በደህና ካሜራና ድምፅ ቅረጹት፤ ፋይሉ የባለሙያው ይሁን። ለውጭ አዘጋጅ ከክሊፕ ይልቅ እንዲህ ያለ የመድረክ ቅጂ ይበልጥበታል። ከስቱዲዮውም ከጉዞውም ክርክር ግማሹን ይፈታዋል።

አቀናባሪው፦ ይኼን ሐሳብ ያመጣኸው አንተ መሆንህ ገረመኝ እንጂ ጥሩ ነው። ሚክሱን እኔ በግማሽ ዋጋ እሠራለሁ። በነፃ አላልኩም!

ግብር ከፋይ፦ ሠርቶ ለሚከፈለው፣ በውል ከሆነ፣ ተቃውሞ የለኝም። የአንድ ማታውንም እቀበላለሁ። ለስቱዲዮ ግን አሁንም አይደለም ነው መልሴ። አንድ ነገር ልጠይቅ፦ በእናንተ በኩል ውሉን ማን ይፈርማል? አዘጋጁ ከያንዳንዱ አዝማሪ ጋር ለየብቻ አይደራደርም። ማኅበር አላችሁ?

ባለማሲንቆው፦ እኛ ሰፈር ያለነው የለንም። ልናቋቁም ተሰብስበን ነበር፤ ሊቀመንበሩ ማን ይሁን ላይ ተበተንን።

ግብር ከፋይ፦ እንግዲህ!

የአዘዞዋ፦ ጸሐፊ ሴት ትሁን ሲባልም ነው የተበተናችሁት፤ እሱንም ጨምረው።

ባለማሲንቆው፦ እሺ፣ እሱም አለበት። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጃንተከል ዋርካው ሥር እንገናኝ። የሚመጣ እዚሁ ይጻፍ።

የአዘዞዋ፦ እመጣለሁ።

ጋሽ ኪነት፦ እኔም፣ እግሬ ከፈቀደ።