ማይክሮግሊያን (የአንጎል ነዋሪ የመከላከያ ሴሎችን) እና ከደም ወደ አንጎል የገቡ ሞኖሳይቶችን (የነጭ ደም ሴል ዓይነት) በምን ልለያቸው?

ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራባቸው ሲ57 ብላክ 6 የሚባሉ የላቦራቶሪ አይጦች ናቸው፤ ታይለር ቫይረስ (የአይጥ አንጎልን የሚያጠቃ ቫይረስ) አንጎላቸው ውስጥ ከተወጉ በ7ኛው ቀን የገቡትን ነጭ የደም ሴሎች በፍሎው ሳይቶሜትሪ (ሴሎችን በሚያበራ ቀለም ምልክት አድርጎ በሌዘር የሚለይ ዘዴ) መቁጠር እፈልጋለሁ።

ጉበቱ እስኪነጣ በልብ በኩል 20 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ፒቢኤስ (የጨው መፍትሔ) አሳልፌ ደሙን አጥባለሁ። አንጎሉን በኮላጅኔዝ ዲ እና በዲኤንኤዝ 1 ኢንዛይሞች በ37 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ አቆይቼ በ70 ማይክሮን ወንፊት አጠላለሁ። ከዚያ 30 በ70 ፐርኮል (ሴሎችን በጥግግታቸው የሚለይ ፈሳሽ)፣ ሴንትሪፊዩጅ በ500 ጂ፣ 30 ደቂቃ፣ ያለ ብሬክ። ላይ የሚንሳፈፈውን ማየሊን (የነርቭ ቅባታማ ሽፋን) ቀድሜ አነሳና ከሁለቱ የፐርኮል ንብርብሮች መገናኛ ላይ ሴሎቹን እቀዳለሁ።

ቲ ሴሎቹ ጥሩ ይወጣሉ። ያስቸገረኝ ሲዲ11ቢ (ማይክሮግሊያም ሞኖሳይትም ላያቸው ላይ የሚይዙት ፕሮቲን) ያላቸው ናቸው። ጤነኛው አይጥ ላይ መካከለኛ ሲዲ45 (የነጭ ደም ሴሎች የላይ ፕሮቲን) ያለው ማይክሮግሊያ ለብቻው ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ የታመመው ላይ ግን ማይክሮግሊያው ሲነቃ ሲዲ45 ስለሚጨምር ከሞኖሳይቶቹ ጋር ይቀላቀላል። የማይክሮግሊያ መለያ የሆነው ፒ2አርዋይ12 በብግነት ጊዜ ይቀንሳል፤ የሞኖሳይት መለያ የሆነው ላይ6ሲም ሞኖሳይቱ ወደ ማክሮፌጅ ሲለወጥ ይወርዳል። ስለዚህ በሁለቱም በኩል የሚጠፋ ሴል አለ።

ከደም የገቡትን ሴሎች የሚለየው ሲዲ49ዲ በ7ኛው ቀን ብቻውን ይታመናል? ወይስ ሲሲአር2 ሪፖርተር አይጥ (ሲሲአር2 ያላቸው ሞኖሳይቶች የሚያበሩበት አይጥ) የግድ ነው? እባካችሁ የሠራችሁበት ካላችሁ፣ የደም ሥር ግድግዳ ላይ ተጣብቆ የቀረውን ለመለየት ከመገደላቸው 3 ደቂቃ በፊት በጅራት ደም ሥር ጸረ ሲዲ45 (ሲዲ45ን የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል) ስትወጉ መጠኑንና የመረጣችሁትን ቀለም ጻፉልኝ።