ለቢሮ ሠራተኞች ቴኳንዶ ላሠለጥን ነው፤ ከምን ልጀምር?

ጥያቄ፦ የአራዳው አሠልጣኝ

ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር ውስጥ ልጆችንና ወጣቶችን ቴኳንዶ አሠለጥናለሁ። ሰሞኑን ፒያሳ አካባቢ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞቹን በሳምንት ሁለት ቀን፣ ከምሽቱ 11:30 ጀምሮ ለአንድ ሰዓት እንዳሠለጥንለት ጠየቀኝ። ሠላሳ ያህል ናቸው። አብዛኞቹ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጠው የሚውሉ ሲሆኑ ግማሾቹ ሴቶች ናቸው፤ ጡረታ የተቃረቡም አሉ። ቦታው ሴራሚክ ወለል ያለው የስብሰባ አዳራሽ ነው፤ ወንበሩ ሲነሣ 6 በ8 ሜትር ክፍት ቦታ ይገኛል። ለወጣቶቹ የማስተምረውን እንዳለ ልስጣቸው? ሰው ቢጎዳስ ተጠያቂው ማን ነው? ዐቢይ ጾምም እየደረሰ ነው። ልምድ ያላችሁ ምከሩኝ።

መልስ፦ አንጋፋው ከአዘዞ

ልጄ፣ እንዳለ አትስጣቸው። ሃምሳ ዓመት የሞላው የሒሳብ ሠራተኛ በመጀመሪያው ሳምንት እግሩን እስከ ደረት ላንሣ ካለ ጭኑን አሞት በዚያው ይቀራል። በቾን ጂ ጀምር፤ በአይቲኤፍ (ዓለም አቀፉ የቴኳንዶ ፌዴሬሽን) ሥርዓት የጀማሪው ቅርጽ፣ ማለትም በቅደም ተከተል የሚሠራ የእንቅስቃሴ ስብስብ ነው። አሥራ ዘጠኝ እንቅስቃሴ አለው፤ ሁሉም መከላከልና ቡጢ ነው፣ አንድም የእግር ምት የለበትም። ለትልቅ ሰው ከዚህ የተሻለ መነሻ አላውቅም። ሚዛን ያስይዛል፣ ወገብን ያሠራል፣ መዞርን ያስተምራል፤ ሰውየውም ቅደም ተከተሉን ለማስታወስ ሲጥር የቢሮውን ሐሳብ ይረሳል።

አፕ ቻጊን (ፊት ለፊት የሚሰነዘረውን የእግር ምት) በሁለተኛው ወር፣ ከቀበቶ በታች ብቻ አስገባ። ዶልዮ ቻጊ (ዞሮ ከጎን የሚመታው የእግር ምት) ላይ ግን አትቸኩል። በጎማ ጫማ ሆነው ሲመቱ የቆሙበት እግር ወለሉን ነክሶ ይይዛል፤ ወገብ ይዞራል፣ ተረከዝ አይዞርም፣ መሐል ላይ ያለው ጉልበት ይጠመዘዛል። በካልሲ ደግሞ ሴራሚኩ ያንሸራትታል። ስለዚህ ንጣፍ እስኪገኝ ድረስ ዶልዮ ቻጊ አይኑር።

መልስ፦ የማራኪው

በዓለም ቴኳንዶ ሥርዓት የምናሠለጥን ሰዎች የመጀመሪያው ፑምሴያችን (ቅርጻችን) ቴጉክ ኢል ጃንግ አፕ ቻጊ አለበት። እሱንም ቢሆን ዝቅ አድርጎ ማሠራት ይቻላል። እኔ የማልስማማው በቅርጽ ብቻ በመጀመሩ ነው። ፓድ (በእጅ የሚያዝ የምት መቀበያ ትራስ) ያልመታ ሰው በሦስተኛው ሳምንት ይሰለቻል፤ አንዱ ፓድ ይያዝ፣ ሌላው ይምታ፣ ሰው በሰው ላይ አይሰንዝር።

መልስ፦ ሠልጣኟ

በመሥሪያ ቤታችን እንዲህ ያለ ሥልጠና ስለምከታተል በሴቶቹ በኩል ልናገር። ፓድ መያዝ ጥሩ ነው፤ ጥንዱን ግን ሠልጣኙ ራሱ ይምረጥ። አለቃን ከሠራተኛው ጋር አያጣምሩ። የገዛ ኃላፊዋ የያዘውን ፓድ በሙሉ ኃይሏ የምትመታ ሴት አላየሁም፤ እሱም ሲመታ «ቀስ በሉ» ለማለት ታፍራለች። አንገትና እጅ ይዞ የሚደረግ ራስን የመከላከል ልምምድ ላይ ደግሞ አስቀድመው ፈቃድ ይጠይቁ፤ እምቢ ያለችውን ለምን አይበሉ።

ዶቦክ (የቴኳንዶ ልብስ) ግዙ አይበሉን፤ ሰፋ ያለ ሱሪና ቲሸርት ይበቃል፤ ሒጃብም ጫፉ ከገባ አያስቸግርም። የሚቆለፍ የልብስ መቀየሪያ ክፍል ግን የግድ ያስፈልጋል። ከሁሉም በላይ፣ መሥሪያ ቤቱ ማን እንደቀረ ስም እንዲይዝ አይፍቀዱ። ያልመጣ ሰው በሥራ ግምገማው ላይ የሚነሣበት ከሆነ ይህ ስፖርት መሆኑ ቀርቶ ግዴታ ይሆናል።

መልስ፦ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ

ከመጀመሪያው ቀን በፊት እያንዳንዱን ለብቻው የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የልብ፣ የወገብና የጉልበት ሕመም እንዳለው ይጠይቁ፤ ያለበት ሐኪሙን አማክሮ ይምጣ። ቢያንስ አሥር ደቂቃ ሰውነት ያሟሙቁ። ቀኑን ሙሉ የተቀመጠ ሰው ዳሌው ተቆልፎ ስለሚመጣ ማሟሟቂያው ከዳሌ ይጀምር። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች ከመተማ በኩል ተዛውሮ የመጣ ሠራተኛ ካለ ቶሎ ትንፋሹ ቢያጥር አይግረምዎት። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው። እርስዎ 120 ይሰጧቸዋል፤ ቀሪውን በእግር ጉዞ ይሙሉት።

ስለ ጾሙ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው በእርስዎ ሰዓት እህል ቀምሶ ይመጣልና ብዙ አያሳስብም። በሰሞነ ሕማማት ግን ሥልጠናውን ይዝጉ፤ በስግደት የዛለ እግር ላይ ሌላ ሥራ አይጨመርም። ረመዳን የሚጾሙት በዚያ ሰዓት ውኃ እንኳን አልቀመሱም፤ ቅርጹን በዝግታ ይሥሩ ወይም ወሩን ይረፉ፤ ምርጫው የእነሱ ነው።

መልስ፦ ጠበቃ

የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2068 በስፖርት ላይ ተሳታፊ ሌላውን ቢጎዳ፣ ማታለል ወይም የጨዋታውን ደንብ በግልጽ መጣስ ከሌለ፣ ጥፋተኛ አያደርገውም። ይህ አሠልጣኙን ከቸልተኝነት ያድናል ማለት አይደለም። «በፈቃዴ ነው የምሳተፈው» የሚለው ወረቀት ብቻውን አይበቃም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ላይ የሚደርስ ጉዳት ከሥራው ጋር የተያያዘ መሆን አለበት፤ ከሥራ ሰዓት ውጭ በፈቃድ የሚደረግ ሥልጠና ደግሞ ለክርክር ክፍት ነው። ስለዚህ የሕክምና ወጪውን ማን እንደሚችል በውላችሁ ይጻፍ፤ መሥሪያ ቤቱም የመድን ድርጅቱን በጽሑፍ ይጠይቅ። ክፍያውን በወር በጥቅል ይዋዋሉ። በሰው ቁጥር ከተዋዋሉ ጉልበቱን ያመመውን «ዛሬ ይቅርብህ» ለማለት እጅዎ ይያዛል።

ጠያቂው፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ውሉን በጥቅል አደርጋለሁ፣ በቾን ጂ እጀምራለሁ፣ የስም መያዣውንም አልቀበልም። ንጣፉ ስንት ይበቃል?

አንጋፋው ከአዘዞ፦

ተገጣጣሚው አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ነው፤ ለአዳራሽህ 48 ያስፈልግሃል። ውፍረቱ ከ2 ሴንቲ ሜትር ተኩል አይነስ። ሠላሳውን ግን በአንድ ላይ አታስገባ፤ ለአንድ ሰው ሁለት ካሬ ሜትር እንኳን አይደርሰውም፣ እግር ሲዘረጋ ጎረቤቱን ያገኛል። አሥራ አምስት አሥራ አምስት አድርገህ ክፈላቸውና ቀኑ ወደ አራት ከፍ እንዲል ውሉ ከመፈረሙ በፊት ተነጋገር።